ደረቁ ግድግዳ

የእኛን ቤትና የጎረቤታችንን የሐጂን ቤት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ደባርቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ባለቤቴና ሐጂ ወጣት ሳሉ ጎን ለጎን ቦታ ደረሳቸውና ሁለት ቀጭን ከማቆም አንድ ወፍራም ይሻለናል ተባባሉ፤ በአንድ ደቦ ሠሩት። ጭቃውን የሁለቱም ወገን ዘመድ ረገጠው። ሥጋው የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ለየብቻ ታረደ እንጂ ሥራው አንድ ነበር።

ግንበኛው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ያኔ ገና ጢሙ ሳይወጣ እጁ የተመሰከረለት ነበር። ሁለቱን ቤቶች እንደ ሁለት መዳፍ አጋጥሞ ሠራቸው። የእኛ ማድቤት በየትኛው ጥግ ከሆነ የእነሱም በዚያው ጥግ፤ የእኛ ጓዳ ከኋላ ከሆነ የእነሱም ከኋላ።

ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ጉሙን ያውቃል። በክረምት ጉሙ ሳይጠራ በበር ይገባል። ልብስ ሣጥን ውስጥ ይሻግታል፤ ጫማ አልጋ ሥር ሻጋታ ያበቅላል። ሌሎቹን ግድግዳዎች ዝናብ ከውጭ ይደበድባቸዋል። ዝናብ የማያገኘው የጋራው ግድግዳ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው የብራና ዳዊት ነበረው፤ የመጀመሪያው ክረምት ብራናውን ሲያርሰው ተጨነቀ። ከዝናብም ከጭስም የራቀ ቦታ ሲፈልግ ቆይቶ የጓዳውን ጥግ መረጠ። በመሮና በመዶሻ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት አወጣ፤ መጽሐፉ የሚተኛበትን ያህል ፈለፈለ፤ ውስጡን በጭቃ ለሰነና መጋረጃ ሰቀለበት። ዳዊቱ ከዚያ ወዲያ ርሶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት አውጥቶ ይደግማል፤ ጨርሶ ይመልሳል። እሱ ሲሞት ዳዊቱ እዚያው ቀረ።

ያ ጥግ ሌላም ነገር ነበረው። ጎሕ ሲቀድ ሐጂ ቁርኣን ያነባሉ። በሌላው የግድግዳው ክፍል አይሰማም፤ እዚያ ጥግ ላይ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለቤቴ ዳዊቱን አጥፎ ያዳምጥ ነበር። "የታደለ ድምፅ ድንጋይ አያግደውም" ይለኝ ነበር። ስለ ድምፁ ብዙ ጊዜ አወራን፤ ስለ ድንጋዩ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

ነገሩ የመጣው ልጄ ከጎንደር ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ ነው። እዚያ ሆቴል ትሠራ ነበር። መንገዱ በተዘጋባቸው ጊዜያት እንግዳ ጠፋ፤ ሆቴሉም ሠራተኛ ቀነሰ። ከልጆቼ ቅርቤ የቀረችው እሷ ናት። ቤት ገብታ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና፣ "እማዬ፣ ይሄ ቤት እኮ ሽቅብ ሊሄድ ይችላል" አለችኝ።

ተራራው ላይ ወዳሉት ወደ ጨነቅና ወደ አምባራስ የሚወጡ እንግዶች ከመውጣታቸው በፊትና ከወረዱ በኋላ ደባርቅ ያድራሉ። እንግዳው ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ልጄ ያሰበችው ከቤቱ ላይ ፎቅ አውጥታ፣ ንጹሕ አልጋና ሙቅ ውኃ ያላቸውን ጥቂት ክፍሎች ልታከራይ ነው። ክፍሎቹ ለመስቀል ካልደረሱ ወቅቱ ያመልጣታል። ካመለጣት ደግሞ ባሕር ዳር የተገኘላትን ሥራ ትይዛለች። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም "ይሁን" አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሪያውን ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ።

የባለቤቴ ወንድም የሚኖረው ዳባት ነው። ወሬውን እንደሰማ ባሕር ዛፍ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ያው የግንበኛ ድምፅ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለ ሰው እንዲሰማው ሆኖ የተሠራ። ባሕር ዛፉን ግቢ ውስጥ አራግፎ ሳይቀመጥ ወደ ጓዳ ዘለቀ፤ በከሰል ቁራጭ በጋራው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ምልክት አደረገ።

"ፎቁን የሚሸከመው ዋናው ወጋግራ እዚህ ያርፋል" አለ። "ይሄ ግድግዳ ቤተ ክርስቲያን ይሸከማል።"

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ላወጣ ነው እኮ" አለችው ልጄ።

"የምን ፈቃድ?"

"የግንባታ። ከማዘጋጃ ቤት።"

"አንቺ ልጅ! ግንባታ አዲስ ቤት ሲሆን ነው። ይሄ እድሳት ነው። ሰው የአባቱን ቤት ለማደስ ማንን ያስፈቅዳል? ነጠላሽን ስትጠልፊም ቀበሌ ትሄጂያለሽ?"

"ነጠላዬ ሰው ላይ አይወድቅም።"

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ያሰበውን ሊያስረዳን ተቀመጠ። ጥምቀት ቀርቧል። በከተራና በጥምቀት ማዘጋጃ ቤት ሰው አይገኝም፤ ደንብ አስከባሪም ታቦት አጅቦ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳል። በእነዚያ ቀናት ደቦ ጠርቶ ወጋግራውን ቢያወጣ፣ ሲመለሱ ቤቱ ቆሞ ያገኙታል። የቆመ ቤት ማን ያፈርሳል? ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ እኔም አውቃለሁ።

"በጥምቀት ሥራ?" አልኩት።

"እትዬ፣ መሬት አልቆፍርም። ኃጢአቱ መቆፈር ነው እንጂ እንጨት ማንሳት ምን አለበት?"

ልጄ አላለፈችውም። "ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ ታዲያ ጋሼ ጣሪያ ላይ ሆነው ሊያጨበጭቡ ነው?"

"አጨበጭባለሁ! ከላይ ሆኜ ከሁሉ በፊት አየዋለሁ!"

የቤቱ ካርታ በእኔ ስም ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። "ሐኪም አያስፈልገኝም፤ መርፌዬን ወግታችሁ ሸኙኝ" የሚል ሰው በየቀኑ አይ ነበር። ብዙዎቹ ደህና ነበሩ። ደህና መሆናቸውን ግን ሳይታዩ ማንም አያውቅም። ለባለቤቴ ወንድም ይህን አልነገርኩትም፤ ጢሙ ለሸበተ ሰው ትምህርት አይሰጥም። "እንጠይቅ" ብቻ አልኩት። ምሳውን በልቶ፣ አኩርፎ ወደ ዳባት ሄደ። ባሕር ዛፉ ግቢያችን ውስጥ ቀረ።

ማዘጋጃ ቤቱ ቀላል ነበር አልልም። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ አንድ ቀን መብራት የለም፤ አንድ ቀን ፕላኑ ላይ ደረጃው አልተሳለም። ልጄ ከዚያ ስትመለስ ቦርሳዋን አልጋ ላይ ትወረውረዋለች። "ጋሼ ልክ ነበሩ፤ ይኼኔ ጣሪያ እንመታ ነበር" ያለችበትም ቀን አለ። ወራቱ ሲሄዱ እኔም በልቤ ባሕር ዳርን አሰብኩ። ግን በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት በኩል የነገሩን ነገር ትክክል ነበር፤ ቆርቆሮ መለወጥና ቀለም መቀባት አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳ የሚነካ ወይም ክብደት የሚጨምር ሥራ ከሆነ ግን እድሳት ብንለውም ሳይታይ አይፈቀድም። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ደግሞ አዋሳኙ መስማማታቸውን በፊርማ ይግለጹ ተባልን።

ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ከሐጂ ጋር በፊርማ ተነጋግረን አናውቅም። ልጆቻችን ሲወለዱ፣ ሰው ሲሞትብን፣ በር ሳናንኳኳ የተገባባን ሰዎች ነን። ወረቀት ይዞ መሄድ እንደ መጠራጠር ነው የሚቆጠረው። ነጠላዬን አጣፍቼ ከልጄ ጋር ሱቃቸው ሄድኩ። ጨውና ሳሙና ከሚሸጡበት ባንኮ ኋላ ተቀምጠው ነበር።

"ሐጂ፣ አሳፋሪ ነገር ይዤ መጣሁ" አልኳቸው።

ሰሙኝ። መነጽራቸውን ፈለጉ። "እህቴ፣ ይሄ ነው የሚያሳፍረው? ልጅቷ እንዳትሄድብን ከሆነ የጣሪያዬን ቆርቆሮም እፈርምላችኋለሁ። የት ጋ ነው?"

ሊፈርሙ ብዕር አነሱ። ልጄ ግን የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ሁለቱንም ቤት ሳታይ እንዳይፈርሙ መባሉን ነገረቻቸው። ሐጂ ብዕሩን አስቀመጡ። "እንግዲያውስ ትምጣ፤ ቤቴ ወንበር አይጎድለውም።"

መሐንዲሷ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። በቀጠሮዋ ቀን ጫማዋን ደጅ አራግፋ ገባች። የባለቤቴ ወንድምም ከዳባት መጥቶ ነበር፤ ኩርፊያውን ሳይተው፣ ግን ሳይቀር። ስለ ግድግዳው ሊመሰክር ነው የመጣው።

"ይሄን ግድግዳ የሠራሁት እኔ ነኝ" አላት። "ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነው። አንድ ክንድ ሙሉ።"

"ጎበዝ ግንበኛ ነዎት፤ አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል" አለችው። ይሄ ትንሽ አለዘበው። ሜትሯን ዘርግታ ጓዳ ገባች። የከሰሉን ምልክት አየች። ከምልክቱ ሥር ያለውን መጋረጃ ገለጠችና ዳዊቱን አየች። "እማማ፣ ይሄ መቼ ተቦረቦረ?"

ነገርኳት። የባለቤቴ ወንድም አንገቱን አስግጎ አየ፤ በዚያ ቤት ስንት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን ግን አያውቅም ነበር። ጓዳ የቤተሰብ ነው፤ የሰው መጋረጃ አይገለጥም። "ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ሙሉ ነው" አለ።

እሷ የቀዳዳውን ጥልቀት ለካች፤ ከኋላው ግድግዳ ያለውንም ርቀት ለካች። ከዚያ ወደ ሐጂ ቤት ተሻገርን። ሐጂ ጓዳቸው ድረስ መሩን። በዚያው ጥግ፣ በዚያው ከፍታ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሐጂ ራሳቸው ገለጡት። ከኋላው በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከእንጨት መቀመጫው ላይ ቁርኣናቸው ተቀምጧል።

"መጽሐፉ ቢርስብኝ ጊዜ ነው" አሉ እንደ መልስ። "ከቤቱ ደረቁ ግድግዳ ይሄ ብቻ ነው።"

መሐንዲሷ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ እባክዎን ወደ ቤትዎ ይመለሱና እጅዎን ከቀዳዳው ጀርባ ላይ ያድርጉ።"

ተመለስኩ። ዳዊቱን አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋትና እጄን አስገባሁ። ወዲያ ማዶ ሐጂ በጣታቸው አንኳኩ። ጣቴ ላይ ያንኳኩ መሰለኝ። ጭቃው ብን ብሎ እጄ ላይ ወረደ። ባለቤቴ "የታደለ ድምፅ" ይል የነበረው ትዝ አለኝ። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የቀረው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና ሁለት ልስን ነበር።

ዋናው ወጋግራ የሚያርፈው ልክ ከዚያ በላይ ነው። በጥምቀት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ፎቁን፣ አልጋውንና እንግዳውን የሚሸከመው ያ ድንጋይ ነበር። ከሥሩ በእኛ በኩል ልጄ ትተኛለች። በእነሱ በኩል ሐጂ ይሰግዳሉ።

የባለቤቴ ወንድም ከሐጂ ጓዳ ሲመለስ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። የእኛን ቀዳዳ አየና ድንገት ጮኸ። "እኔ ሙሉ ግድግዳ ነው የሰጠኋችሁ! ቤት ሠርቼ ዘወር ስል እንደ አይጥ ከግራና ከቀኝ ቦረቦራችሁት!"

ሐጂ ከደጅ ሆነው ሳቁ። "አይጥስ ተነጋግራ ትቦረቡራለች፤ እኛ እንኳ አልተነጋገርንም።"

እውነቱ ይህ ነው። እሱ የተናገረው ስሕተት አልነበረም። የሚያውቀው የሠራውን ግድግዳ ነበር። የኖርንበትን ግድግዳ ግን እሱ አያውቅም፤ እኔም የማውቀው በእኔ በኩል ያለውን ብቻ ነው፤ ሐጂም በእሳቸው በኩል ያለውን። በሁለቱም በር ገብቶ ሁለቱንም መጋረጃ የሚገልጥ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ፈቃድ ማለት ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ የመጨረሻው ነው፤ ዋናው የዚያ ሰው መምጣት ነው። ቤታችሁን ልታድሱ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቤቴን አውቀዋለሁ አትበሉ። እኔም አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ።

መሐንዲሷ ሥራውን አልከለከለችም። ፎቁ ግድግዳውን ሳይደገፍ በራሱ የፌሮ ዐምድ ላይ እንዲቆም፣ የዐምዶቹም መሠረት ከጋራው ግድግዳ ራቅ ብሎ እንዲቆፈር ፕላኑን አስለወጠችን። ግድግዳው ራሱን ብቻ ይሸከም አለች። ለዚያም ቢሆን ከሁለቱ ቀዳዳዎች ቢያንስ አንዱ በድንጋይ መደፈን ነበረበት።

ሐጂ ፈጥነው፣ "የእኔ ይደፈን" አሉ።

"የለም፣ የእኛ ነው የሚደፈነው" አልኩ።

"እህቴ፣ የሟች እጅ ሥራ ነው። አይነካም።"

"እርስዎ በየቀኑ ያነቡበታል።"

"እሱም ያነብ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ዳዊቱን እሰማው ነበር። እሱ እስኪጨርስ ጠብቄ ነበር የምጀምር።" ይህን ሲሉ የባለቤቴን መጋረጃ እያስተካከሉ ነበር።

ይህን አላውቅም ነበር። ባለቤቴም አላወቀም። "እንግዲያውስ የእሱ ተራ አልፏል፤ አሁን የእርስዎ ነው" አልኳቸው። በዚሁ ተቆረጠ።

ቀዳዳውን የደፈነው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ሌላ ግንበኛ አላስነካም። ሥራው እንዲያ የሚዘገይ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙ የለሰነውን ጭቃ በመሮ ሲያነሳ ግን ዘገየ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ እያጠበ፣ ጥርስ በጥርስ አያያዘው። ዳዊቱን በነጠላ ጠቅልዬ ከልብስ ሣጥኑ በላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ደቦው ተጠራ። ፈቃድ ያለው ቤት ደቦ አይከለከልም። ሥጋው እንደ ድሮው ለየብቻ ታረደ። ባሕር ዛፉም አልባከነም፤ መወጣጫና የጣሪያ እንጨት ሆነ። መሐንዲሷ መሠረቱ ሲቆፈር ተመልሳ መጣች፤ በአንዱ ጥግ አፈሩ ልል ነው ብላ ጠለቅ ብሎ እንዲቆፈር አደረገች። የባለቤቴ ወንድም ራሱ፣ "ያቺ ልጅ ሳታይ ሲሚንቶ እንዳታፈሱ" እያለ ሰው ሲቆጣ ሰማሁት። ልጄ ጠቀሰችኝ፤ አላየሁም ብዬ ዞርኩ።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጓዳ ገብቼ የጋራውን ግድግዳ በእጄ እዳስሰው ነበር። ደረቅ ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላየሁበትም። ለመስቀል ክፍሎቹ ደረሱ፤ የመጨረሻው በር ቀለም ገና ሳይደርቅ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከአዲ አርቃይ በኩል አቧራ ለብሰው መጡ። ከባሕር ዳር ስልክ ሲደወል እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ልጄ አንሶላ እያሰጣች፣ "አይ፣ ሥራውን ለሌላ ስጡት፤ ወደዚህ የሚመጣ እንግዳ ካገኛችሁ ግን ላኩልኝ" አለች። ደረጃውን ወጥቼ ጨረስኩት። የዚያን ቀን ጉልበቴ አላመመኝም።

የባለቤቴ ወንድም አሁን ዳባት ያለውን የራሱን ቤት ሊያድስ ነው። ባለፈው ሰሞን ደውሎ ማዘጋጃ ቤቱ ያደረሰበትን መመላለስ ሁሉ አማረረልኝ። "የራሴን ጓዳ መጋረጃ ራሴ ገለጥኩ፤ ሚስቴ ምን እንዳስቀመጠችበት ብነግርሽ!" አለኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ቀዳዳው ከተደፈነ ወዲህ ጓዳው ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ ሰሞን ጎሕ ሲቀድ እነቃና ከጥጉ አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ ምንም አይሰማም። አሁን ዳዊቱ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ፀሐይ ቀድሞ በሚገባበት ክፍል ውስጥ፤ ከቤቱ ሁሉ ደረቁ ቦታ ዛሬ እሱ ነው። ንባቡን ከባለቤቴ ሰምቼ እንጂ ተምሬው አላውቅም፤ እየተደነቃቀፍኩም ቢሆን በረንዳው ላይ ጥቂት መስመር እደግማለሁ። የሐጂ የጓዳ መስኮት ከታች ነው።

አንድ ጠዋት ጨርሼ ዳዊቱን ሳጥፍ መስኮቱ ተከፈተ።

"እህቴ" አሉ ሐጂ ከሥር፣ "ትንሽ ከፍ አድርገው ያንብቡ እንጂ። የእኔ ተራ መቼ እንደሚደርስ በምን ልወቅ?"